ዳቦ ቆሎውና ድልድዩ

ደሴ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አግማስ፣ ኮምቦልቻ

እኔ ቢልቂስ ሙዓዝ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ «ለዳገቱ ስንቅ ይሁንሽ» ብለው በሹፌር ደምመላሽ እጅ የላኩልኝን ዳቦ ቆሎ፣ ዳገቱ ሳያየው፣ ገና ከፒያሳ ሳልወጣ ጨርሼዋለሁ። ፌስታሉን ገልብጬ ፍርፋሪውን ሳይቀር ልሼዋለሁ። ወላሂ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። እትዬ ሸዋዓለም እንዲያ አጣፍጠው ባይቆሉት ኖሮ እኔም እንደ ጨዋ ልጅ እውል ነበር።

እንዴት ሰነበቱ? እትዬ ሸዋዓለምስ ደህና ናቸው? ጉልበትዎስ? የጓደኞችዎን ጉልበት እንኳ አልጠይቅም። አባዬ እንደሚለው አራት ጡረተኞች ሳይክል ይዛችሁ ስትወጡ በመካከላችሁ ያለው ጤነኛ ጉልበት ሦስት ብቻ ነው።

በስልክ ልንገርዎ ብል «በስልክ የተነገረ ነፋስ ይወስደዋል፣ ወረቀት ግን ይመሰክራል» ስላሉኝ ይኸው እየጻፍኩ ነው። ደምመላሽ ደብዳቤዎን ከሚኒባሱ መስታወት በላይ ሰክቶ ሲያመጣልኝ ተሳፋሪው ሁሉ የፍቅር ደብዳቤ መስሎት አንገቱን ያሰግጋል። የአባቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ የላኩት የጥያቄ ወረቀት ነው ብል ማን ያምነኛል?

አራታችሁ በሳይክል ልትሄዱበት ስላሰባችሁት አዲስ መንገድ ወደ ላኩልኝ ጥያቄዎች ልግባ። አሥራ አንድ ናቸው። ጡረታ ወጥተውም ፈተና ማውጣት አልተውዎትም።

ለአንደኛው፦ ቅዳሜ ዕለት ከደሴ እስከ ገራዶ ከሚኒባስና ከባጃጅ ጋር ተጋፍቻለሁ። ከገራዶ ወዲያ ኮረኮንቹን ከያዝኩ በኋላ ግን ያየሁት ተሽከርካሪ አንድ ጋሪ ነው፤ እሱም ፈረሱ ተፈትቶለት ቆሟል። ወላሂ የሞተር ድምፅ የሚባል አልሰማሁም። እስካሁን የምትነዱበትን የሐረጎን ቁልቁለት ከነአይሱዙው፣ ከነጡሩምባው ይርሱት። አምና ጓደኛዎን ቦይ ውስጥ የከተተው ዓይነት ሹፌር እዚህ ተፈልጎም አይገኝም።

ለሁለተኛውና ለሦስተኛው፦ ጠጠሩ ደቃቅ ነው፣ ጎማ አያንሸራትትም። መንገዱ ከአንዱ ጉብታ ወርዶ ሌላውን እየወጣ፣ በጤፉና በማሽላው መካከል ይሄዳል። ከመጨረሻው ጉብታ ላይ ሆነው ሲያዩት ወንዙ ሸለቆው ውስጥ እንደወደቀ መቀነት ይታያል። ካርታዎ ላይ ይህን በሰማያዊ እርሳስ አሳምረው ያስምሩት።

ለአምስተኛው፦ ውሾቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ይጮኻል እንጂ አይነክስም። ሁለተኛው አይጮኽም።

ለስምንተኛው፣ «የአገሬውን ሰው ጠይቂ» ላሉት፦ ጠይቄያለሁ። ጉብታው ላይ ደክሞኝ ተቀምጬ ሳለሁ አባባ ኑርሁሴን የሚባሉ ሽማግሌ አህያ እየነዱ ከሸለቆው ወጡ። ስሜን ጠየቁኝ፣ የአባቴን ስም ጠየቁኝ፣ የአያቴን ጠየቁኝ። ቅድመ አያቴ ላይ ስንደርስ፣ ወላሂ፣ አህያዋ ሰልችቷት ጥላን ሄደች። ለኔ ጥያቄ ግን ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው። ኮምቦልቻ ሩቅ ነው? «አብሽሪ ልጄ።» ዳገት አለው? «አብሽሪ።» እርስዎ አርባ ዓመት ያስተማሩት ጂኦግራፊ በእሳቸው ዘንድ አንዲት ቃል ነው።

ለአሥረኛው፦ የምንጭ ውኃ አለ፣ ይጠጣል፤ ጠጥቼ ይኸው በሕይወት አለሁ።

ለአሥራ አንደኛው፦ ድልድዩን በዓይኔ አይቻለሁ። ደህና ነው። ከሳይክል ሳይወርዱ ማለፍ ይቻላል።

እንግዲህ አራታችሁ በሦስት ጉልበት በሰላም ያድርሳችሁ።

አክባሪዎ ቢልቂስ

*

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቢልቂስ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጽሕፈቱን አይተሽ አትደንግጪ፣ በግራ እጄ ነው። አባትሽ የነገረሽ ልክ ነው፤ ቀኝ ክንዴ ተሰብሯል። አላወራም ብዬ ነበር፤ «እንዴት ሆነው ወደቁ» ብለሽ አጥብቀሽ ስለጠየቅሽኝ ግን እነግርሻለሁ።

መንገዱ እንዳልሽው ነበር። እንዲያውም ከዚያ በላይ ነበር። ከእኛ ትንፋሽና ከጎማው ድምፅ በቀር ምንም የማይሰማበት መንገድ ላይ ብስክሌት ከነዳሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከፊት የምነዳው እኔ ነበርኩ። ወደ ድልድዩ የሚወስደው ቁልቁለት ታጥፎ ስለሚወርድ ድልድዩ አይታይም፤ ድንገት ነው የሚመጣው። «ሳይወርዱ ማለፍ ይቻላል» ብለሽ ስለነበር ፍሬን አልያዝኩም። ሁለቱ አግዳሚ ግንዶች አሉ፤ ከላይ የተረበረቡት ጣውላዎች ግን የሉም። የፊት ጎማው በግንዶቹ መካከል ገባ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጓደኞቼ ናቸው የነገሩኝ።

ሐኪሙ እስከ ፋሲካ ብስክሌት እንዳልነካ ከለከለኝ። «በዚህ ዕድሜዎ» ብሎ ሲጀምር ዕድሜውን ብጠይቀው ከአንቺ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው። ሸዋዓለም ደግሞ ብስክሌቱን በሰንሰለት አስራ ቁልፉን ጉያዋ ከታለች።

እኔን የሚያበሳጨኝ ክንዴ አይደለም። አንቺ ጥቅምት 2 ያየሽው ጣውላ ጥቅምት 16 ከሌለ፣ በመካከሉ ያነሳው ሰው አለ ማለት ነው። በሕዝብ መዋጮ የተሠራ ድልድይ ነው። እኔ ባልሆን አንድ ሕፃን ይገባበት ነበር።

አንቺን የሚወቅስ የለም። ያየሽውን ነው የጻፍሽልኝ። አይዞሽ።

አግማስ

*

ደሴ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አግማስ

እንዴት ሰነበቱ? ክንድዎ እንዴት ነው? ሕመሙ ተሻለዎት ወይ? እንቅልፍ ይወስድዎታል ወይ? እትዬ ሸዋዓለም እንዴት ናቸው? ጎረቤቶችዎ ደህና ናቸው? የጎረቤቶችዎ ጎረቤቶችስ? ከዚህ በላይ የምጠይቅለት ሰው ቢኖረኝ እጠይቅ ነበር። ሰላምታው ካለቀ ሌላ ወሬ መጀመር ሊኖርብኝ ነው።

የግራ እጅዎ ጽሕፈት ያምራል። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ጽሕፈት ይመስላል፤ የጎበዝ ልጅ ነው ታዲያ።

ከዚያ ወዲህ በጨመሩልኝ አጭር ደብዳቤ ጣውላዎቹ ስንት ነበሩ፣ አዲስ ናቸው ወይስ አሮጌ፣ ሚስማራቸውስ የላላ ነበር ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ቁጥር ላይ ደካማ መሆኔን የሒሳብ አስተማሪዬ በየሴሚስተሩ ለአባዬ ይመሰክራል። ጣውላ እንደ ጣውላ ነበር። አቧራም ነበር። ዓይኔ ውስጥ ትንሽ አቧራ ሳይገባ አልቀረም።

ደግሞ ሳስበው፣ ለምን ጎርፍ አይሆንም? ወንዝ እኮ የማያደርገው የለም። ሰው ከመጠርጠር ወንዝ መጠርጠር አይሻልም? ወንዝ አይቀየምም።

የካርታውን ነገር እባክዎ አይተዉት። ለአንድ ጣውላ ብለው ያን ሁሉ መንገድ አይሰርዙብኝ።

እናቴ ራሂማ ማር ልካለች። ደምመላሽ እንዳይቀምሰው አስምላዋለች።

ቢልቂስ

*

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቢልቂስ፣

ማሩ ደርሷል፣ ለእናትሽ ምስጋናዬን አድርሺ። «ሰው ከመጠርጠር ወንዝ መጠርጠር አይሻልም?» ላልሽኝ፣ ጣውላዎቹ ተገኝተዋል። አንቺ የጻፍሽልኝ የአህያው ሽማግሌ፣ አቶ ኑርሁሴን ጓሮ ነው የተገኙት፤ አሥራ አራት ጣውላ፣ በጭድ ተሸፍኖ።

ስማቸውን በደብዳቤሽ ካነበብኩ ወዲህ ወድጃቸው ነበርና ዜናው ደስ አላሰኘኝም። ራሴ ሄጄ አነጋገርኳቸው። ጣውላውን ነሐሴ ላይ ጎርፍ ነቅሎት ነበር አሉ። ወንዙ ወደ ታች ሳይወስደው ለቅሜ አስቀመጥኩት፤ ውኃው እስኪጎድልና ሚስማር እስካገኝ ነው አሉ። ከድልድዩ ትይዩ ማዶ እርሻ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላው የአገሩ ሰው ከታች በድንጋዩ ላይ ነው የሚሻገረው። ስለዚህ ጣውላው መቼ እንደተነሳ አየሁ የሚል ሰው የለም። ከአንቺ በቀር።

አንቺ «ጎርፍ ይሆናል» ያልሽው ደግነትሽ ነው። ግን ከጥቅምት 2 ወዲህ አንድ ጠብታ አልወረደም። ነሐሴ የሄደ ጣውላ ጥቅምት ላይ በዓይን አይታይም። ይህንኑ ነገርኳቸው፤ የታመነች ልጅ አይታ ጽፋልኛለች፣ ወረቀቱም በእጄ ነው አልኩ። ማን ናት ብለው ጠየቁኝ። ስምሽን ነገርኳቸው። ከዚያ «የሙዓዝ ልጅ? እሷ ካለች፣ እሷ ታውቃለች» አሉና ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ንጹሕ ሰው እንዲህ ዝም ይላል ብለሽ ነው?

ቅዳሜ ኅዳር 7 የአካባቢው ሽማግሌዎች እዚያው ድልድዩ ዘንድ እንደ ድሮው አውጫጭኝ ይቀመጣሉ። የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀውን ይናገራል። ደብዳቤሽን ከፊተኛው ቃል እስከ መጨረሻው አነብላቸዋለሁ። ከተፈረደባቸው ከቂሬው ይወጣሉ። ቂሬ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ቢሞቱ ቀባሪ፣ ቢያዝኑ አጽናኝ የላቸውም ማለት ነው። ሰባ ዓመት ባለፋቸው ሰው ላይ ይህን ማድረግ ይከብዳል። ወረቀቱ ግን ይመሰክራል።

አግማስ

*

ደሴ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አግማስ

እንዴት ሰነበቱ? እጅግ አስቸኳይ የሆነ የሰዋስው ጉዳይ ገጥሞኛል።

የጥቅምት 5ቱን ደብዳቤዬን በዛሬው ሚኒባስ ቢመልሱልኝ ብዬ ነው። በውስጡ ብዙ የፊደል ስሕተት እንዳለበት ትዝ አለኝ። አራት ነጥብ የረሳሁበትም ቦታ አለ። አንዲት የተማሪዎ ልጅ፣ በሕዝብ ፊት፣ ያለ አራት ነጥብ ስትነበብ እርስዎንም ያሰድባል። ደግሞ የዳቦ ቆሎው ነገር አለ። ፍርፋሪ መላሴን አገር ሰምቶት ማን ያገባኛል?

አስተካክዬ እመልሰዋለሁ። በንጹሕ ወረቀት። አንዳንድ ቃል ብቻ ነው የማስተካክለው።

አባባ ኑርሁሴን በውነት «እሷ ታውቃለች» አሉ? እንዴት አድርገው ነው ያሉት? ተቆጥተው ነበር? እባክዎ እንዴት እንዳሉት ይጻፉልኝ።

ማታ መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ ስላገኘችኝ እናቴ የማጠና መስሏት ደስ ብሏታል። እሷንም እያታለልኩ ነው።

ቢልቂስ

*

ከድልድዩ ዘንድ፣ ቅዳሜ፣ ኅዳር 7 ቀን

ጋሼ አግማስ፣

«የተጻፈ ተጽፏል፣ አራት ነጥቡን እኔ አስገባልሻለሁ» ብለው የመለሱልኝ ትላንት ደረሰኝ። ከዚያ በኋላ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። አንዱን ለደምመላሽ ልሰጠው እጄን ዘርግቼ «ምነው ፊትሽ?» ሲለኝ መልሼ ኪሴ ከተትኩት። አሁን የምጽፈው ከእርስዎ ሃምሳ እርምጃ ርቄ፣ ለመንገድ ሥራ ከተቆለለው ጠጠር ጀርባ ቁጭ ብዬ ነው። ክንድዎ በነጭ ሻሽ ታስሮ ይታየኛል። እርስዎ አላዩኝም። እዚህ ድረስ በሳይክል መጥቼ ሃምሳ እርምጃ በእግሬ መሄድ አቃተኝ።

ድልድዩን ዛሬ ነው ያየሁት። ዛሬ ነው የመጀመሪያዬ።

ያን ቀን ከመጨረሻው ጉብታ በታች አልወረድኩም። ዳቦ ቆሎው አልቋል፣ ርቦኛል፣ ቁልቁለቱን ብወርድ መልሼ ልወጣው ነው ብዬ ሰነፍኩ። አባባ ኑርሁሴን ሲመጡ «ድልድዩ ሳይክል ያሳልፋል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ድልድዩማ…» አሉና ወደ ወንዙ ዞረው አዩ። ከዚያ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉኝ። እኔ ደግሞ የሰማሁት «ችግር የለውም» የሚል ነው። ሌላም ነገር ሊናገሩ ነበር፤ እኔ ግን ሳይክሌን አዙሬያለሁ። አሁን ይገባኛል። እኛ አገር አብሽር የሚባለው እኮ ደህና ለሆነ ሰው አይደለም። ለቅሶ ቤት ነው የሚባለው። የታመመ ቤት ነው። ፈተና ለወደቀ ልጅ ነው። ሰውየው ድልድዩ የለም፣ አይዞሽ እያሉኝ ነበር። የወሎ ልጅ ሆኜ አብሽርን መስማት አቃተኝ፤ ከዚያም ደብዳቤ ላይ ቀለድኩባቸው።

ቤቴ ገብቼ ስጽፍልዎ ዳቦ ቆሎውን መጀመሪያ ያስቀደምኩት ለምን እንደሆነ ያውቃሉ? ትንሿን የምትናዘዝ ልጅ ትልቋን ትደብቃለች ብሎ ማን ይጠረጥራል ብዬ ነው። እንዲያውም ደብዳቤውን አሁን ይቁጠሩት፤ ወላሂ ያልኩት ሦስት ቦታ ነው። ለዳቦ ቆሎው ምያለሁ፣ ለሞተሩ ምያለሁ፣ ለአህያዋ ምያለሁ። ለድልድዩ አልማልኩም። አላህን ፈርቼ መሐላውን ተውኩ፤ ለእርስዎ ክንድ ግን አልፈራሁም። «ሳይወርዱ ማለፍ ይቻላል» የሚለውን ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ለማሳመር የጨመርኩት ነው።

ክንድዎ ሲሰበር መናገር ነበረብኝ። «አንቺን የሚወቅስ የለም» ሲሉኝ መናገር ነበረብኝ። ያቺን መስመር ሳነብ ሊመታኝ የተነሳ እጅ የሳተኝ ያህል ደስ አለኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቴን በመስታወት ማየት ያሳፍረኛል። ጎርፍ ነው ያልኩት ደግነቴ አልነበረም። ጎርፉ እውነት መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር፤ ራሴን ማውጫ ነበር።

አባባ ኑርሁሴን ግን ያውቃሉ። እኔ እንዳልወረድኩ በዚህ ምድር ላይ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። «ልጅቱ ከጉብታው ላይ ነው የተመለሰችው» ቢሉ ያን ዕለት ነገሩ ያልቅ ነበር። ስሜን ሲሰሙ ዝም ያሉት ጥፋት ይዟቸው አይደለም ጋሼ። እኔን ውሸታም ላለማሰኘት ነው። ለአንድ ቀን ላዩዋት ልጅ፣ እስከ ቅድመ አያቴ ስሜን ስለጠየቁ ብቻ፣ ቂሬያቸውን ሊሰጡልኝ ነው።

ይህን ወረቀት ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት በአንዱ ሕፃን እጅ ልልክልዎና በመጣሁበት ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ይኸው ተቀመጡ። ጣውላዎቹ መሬት ላይ ተደርድረዋል። አባባ ኑርሁሴን ከጫፍ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው የለም።

መነጽርዎን አደረጉ። ወረቀቴን አወጡ።

ዳቦ ቆሎው ላይ ነዎት። ሰው ሁሉ እየሳቀ ነው። እኔ የጻፍኩት ነገር ሰውን ሲያስቅ ሁልጊዜ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ እያንዳንዱ ሳቅ ጠጠር ሆኖ ያርፍብኛል። ሦስቱ ጉልበት ላይ ጓደኞችዎም ሳቁ። ውሾቹ ላይ ደረሱ፤ የሁለተኛው ውሻ ባለቤት መሰለኝ ተነስቶ «አይነክስም» ብሎ ይሟገታል። ሽማግሌዎቹ አስቀመጡት።

አህያዋ ላይ ነዎት። አባባ ኑርሁሴን ራሳቸው ሳቁ። ከዚያ ቀና አሉ። ሳቁን ትተው ሰዉን በዓይናቸው እየዞሩ ነው። የሚፈልጉት ሰው ያለ ይመስላል።

ጎንበስ ብያለሁ። የሳይክሉ መሪ ግን ከጠጠሩ በላይ ይታያል፤ ረሳሁት።

ምንጩ ላይ ደርሰዋል። አሥረኛው ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በቃሌ አውቀዋለሁ። አሁን ካልተነሳሁ

ማንበብዎን አቆሙ። ወረቀቱን ዝቅ አድርገው ወደዚህ እያዩ ነው። ያስቆሙዎት አባባ ኑርሁሴን ናቸው፤ ቆመዋል፣ በከዘራቸው ወደ ጠጠሩ እየጠቆሙ ነው። ሰው ሁሉ ዞረ። ድምፃቸው እንደዚያን ቀኑ ነው፦

«ቢልቂስ! አብሽሪ ልጄ፣ ነይ ወደዚህ።»